ልሥራት ወይስ ልግዛት?

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ መግዛት ቀላል ነው እየተባለ ይወራል። መግዛቱስ ቀላል ነው። ሰው የሚገድለው መወሰኑ ነው።

እኔ ቨርጂኒያ የምኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተኩስ መለማመጃ ጎራ የምል፣ 25 ያርድ ላይ ከተሰቀለ ወረቀት በቀር ጠላት የሌለኝ ሰው ነኝ። እስካሁን ሳነጣጥር የኖርኩት በኪራይ ሽጉጥ ነው። የኪራይ ሽጉጥ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወረቀቱን ስትስተው «ማነጣጠሪያው ተዛብቷል» ትላለህ፣ ማንም አይከራከርህም። ይህን የመሰለ መከታ ትቼ የራሴን ልያዝ ማለቴ ባለቤቴን እስከ ዛሬ ይገርማታል። ያውም ያማረኝ ከመደርደሪያ ላይ የሚነሳ ተራ ሽጉጥ አልነበረም። በልኬ የተሠራች ናይንቲን ኢለቨን እንጂ።

ለማያውቃት ላስተዋውቅ። የነደፋት ጆን ብራውኒንግ የሚባል የዩታ ሰው ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀበላት፤ ስሟም ከዚያው ወጣ። ባለ 45 ካሊበር ናት። እስከ 1985 ድረስ የጦሩ ሽጉጥ ሆና ከርማ ቦታዋን ለኢጣሊያዊቷ ቤሬታ ለቀቀች። ሰውየው ራሱ በ1926 የሞተው አያቶቻችን በጠመንጃዋ በሚያውቋት ቤልጅግ ነው፤ ሊዬዥ አጠገብ፣ ፋብሪካ ውስጥ እንዳለ። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷልና ዛሬ የፈለገ ሁሉ ይሠራታል። ከፊሊፒንስ የምትመጣው ከ500 ዶላር ብዙም አትርቅም። በእጅ ተሞርዳ የምትወጣው ግን ከ3,000 ዶላር በላይ ነች፣ ከዚያም ወዲያ ወደ ላይ ትሄዳለች።

የእነዚህ ውድ ሽጉጦች መካ ቤሪቪል ትባላለች፤ አርካንሳስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ። ቢል ዊልሰን የሚባል የሰዓት ሥራ የተማረ ሰው በ1977 ከቤተሰቡ የጌጣጌጥ ሱቅ ጀርባ ሽጉጥ ማስተካከል ጀመረ፤ ዊልሰን ኮምባት የሚባለው ድርጅት ከዚያ በቀለ። በ2004 ደግሞ እዚያችው ከተማ ናይትሆክ ከስተም ተከፈተ። እዚያ አንዷን ሽጉጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሠራት አንድ ባለሙያ ብቻ ነው። የሰዓት ሠሪው ነገር ብዙ አስገረመኝ፤ በኋላ አንዷን ፈትተው ሲያሳዩኝ ግን ይህ ሥራ ከሰዓት ሠሪ ሌላ ማንን ይሻል ነበር አልኩ።

ለጊዜው ወደ አርካንሳስ ሳልሄድ እዚሁ ቅርብ ያለ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ቀረብኩ። የሠርግ ልብስ የሚሰፋ ሰው እንኳን እንዲህ አይጠይቅም። እጄን ዘርግቶ ለካ። እጀታው ፊት ለፊት ላይ የሚቀረጸው ሻካራ መስመር በኢንች 20 ይሁን፣ 25 ይሁን ወይስ 30? ቃታው ስንት ፓውንድ ሲጎተት ይልቀቅ? አራት? ሦስት ተኩል? የጎተትኩትን ቃታ መዝኜ የማውቅ ይመስል አገጬን አሻሸሁና «አራት» አልኩ። ጥሩ መልስ መሆን አለበት፤ ራሱን ነቀነቀ።

«መቼ ይደርሳል?»

«ዓመት ከመንፈቅ። ምናልባት ሁለት።»

ያኔ ነው ለምን ራሴ አልሠራትም ያልኩት።

በአሜሪካ ሕግ ዓይን ሽጉጥ ማለት ፍሬሙ፣ ማለትም ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት አካል፣ ብቻ ነው። ቁጥር የተመታበት እሱ ነው፤ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ፊት ቀርበህ፣ ቅጽ ሞልተህ፣ ጀርባህ ተጣርቶ የምትረከበው እሱን ነው። አፈሙዙ፣ ከላይ የሚንሸራተተው ስላይድ፣ ቃታው፣ ሞላው ግን ዕቃ ነው ተብሎ በፖስታ ደጅህ ድረስ ይመጣል። ይህን ስሰማ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ዕቃ ከመጣ ምን ቀረ? መግጠም ነዋ።

የቀረውን ያሳየኝ ከቅዳሜ ጓደኞቼ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ናይንቲን ኢለቨን ይሠራል። መቼ እንደጀመረ ሚስቱ ፊት አይነገርም። ከእሱ እንደተረዳሁት «ሳይሞረድ የሚገጥም» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ሁሉ ይሞረዳል። ስላይዱ ፍሬሙ ላይ የሚሄድበት ሐዲድ ላይ ሥራው ያለው ከፀጉር በቀጠነ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ከልክ በላይ የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አያድግም። ከቃታው በስተኋላ ያሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች የሚያያዙበት ጠርዝማ አይነሳ። እሱ ከተበላሸ ሽጉጧ ሳትጠየቅ መናገር ትጀምራለች።

ጓደኛዬ ብዙ ገንዘብ ቆጥቤያለሁ ይላል። ሞረዶቹ፣ ማሰሪያዎቹ፣ መለኪያዎቹ፣ ሁለተኛው ፍሬም (የመጀመሪያውን ምን እንዳገኘው አይጠየቅም) ሲደመሩ ቤሪቪል ደርሰው መመለሻ ይተርፋቸዋል። ግን ሰውየው ከእራት በኋላ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ፊቱን አይቼዋለሁ። ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው ፊት አይደለም። ይህ ሰው የሚፈልገው ሞረዱን ነው፣ መብራቱን ነው፣ ማንም የማይጠራው ሰዓት ነው። ሽጉጧ ያለቀች ዕለት ሌላ ፍሬም ይገዛል ብዬ ልወራረድ እችላለሁ። ቤሪቪል ወረፋ የሚጠብቀውም ቢሆን የሚከፍለው ለብረቱ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ትዕግሥት ነው። ለእኔ የቀረው ጥያቄ ትዕግሥቱ ከማን ይውጣ የሚል ነበር።

በዚህ መሀል ደብረ ታቦር ላለው አጎቴ ስደውል ነገሩ አምልጦኝ ወጣ።

«ከማን ጋር ተጣላህ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከማንም፣ ጋሼ። ወረቀት ለመተኮስ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ደብረ ታቦር ላይ ጥይት ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው ዝምታ ነበር። ልሥራት ወይስ ልግዛት እያልኩ መቸገሬን ሳጫውተው ግን ነቃ። ይህ ጥያቄ እነሱ ሰፈር አዲስ አይደለም። ጋፋት ቅርባቸው ነው። አጼ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ከተሠራ በኋላ ደግሞ ተራራ እየተቆረሰ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። የንጉሡ የመጨረሻዋ ሽጉጥ ግን የተሠራችም የተገዛችም አልነበረችም፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበረች። አጼ ምኒልክ በበኩላቸው ገዙ። ከፈረንሳይም፣ ከሌላውም፣ ከኢጣሊያም ጭምር መሣሪያ አስገብተው ዓድዋ ወረዱ።

«እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ ልጅ» አለኝ አጎቴ፣ «የኔ ልብ ከሠሪው ጋር ነው። አንተ ግን ግዛ።»

እጄን ከልጅነቴ ስለሚያውቀው አልተቀየምኩም።

ሽማግሌው ባለሙያ ደግሞ ተመልሼ ስሄድ ሌላ መንገድ ከፈተልኝ። «ርካሿን ግዛ። አምስት ሺህ ጥይት ተኩስባት። ከዚያ ምን እንዳስቸገረችህ ንገረኝና እሱን ብቻ ላስተካክልልህ።» ከዚያ እየሳቀ የጨመረልኝ ነገር ሦስቱን ሺህ ዶላር ከልቤ አወጣው። ጦሩ ይህቺን ሽጉጥ ሲፈትናት 6,000 ጥይት ተተኩሶባት አንድም ጊዜ አልነከሰችም። ያቺ እንደልቧ የምትንቀሳቀስ የወታደር ሽጉጥ ነበረች። በእጅ ተሞርዳ ጥብቅ ያለችው ውድ እህቷ ግን ብዙ ጊዜ በደንብ እስክትለምድ መጀመሪያ ጥቂት መቶ ጥይት ትበላለች። ይኸውልህ፣ ለማሟሟቂያም ታስከፍላለች።

ስለዚህ የፊሊፒንሷን ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቴ አብራኝ መጣች፤ ልትከለክለኝ ይሁን ልትመሰክርብኝ አልገባኝም። ሻጩ የፌዴራሉን ቅጽ ሰጠኝ። ቁመት፣ ክብደት፣ የትውልድ ቦታ እየሞላሁ ወረድኩና አንድ ጥያቄ ላይ ደረስኩ፦ የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ገዢ እርስዎ ነዎት? ለሌላ ሰው ተልኮ የሚገዛን ለመያዝ የገባ ነው፤ ውሸት መሙላት ወንጀል መሆኑም እዚያው ተጽፏል። ብዕሬ ቆመ። የጋራ ሒሳባችን ካርድ ያለው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቀና ብዬ አየኋት።

«አዎ በል» አለችኝ ቦርሳዋን ሳትከፍት። «የቀረውን ቤት እንነጋገራለን።»