የሽብልቅ ውዳሴ

በሐምሌ ዝናብ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚመላለስ ሰው፣ ዕድሜዋ ከባለቤቷ የበኩር ልጅ በሚበልጥ አንዲት አውቶሞቢል በር ላይ፣ በመስታወቱና በጎማው መካከል የተሰካች ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ሳያይ አይውልም። ይህች ሽብልቅ እስከ ዛሬ አንድ ሊቅ ሳያመሰግናት፣ አንድ ባለቅኔም ሳይቀኝላት መኖሯ የዘመናችንን ውለታ ቢስነት የሚመሰክር ስለ ሆነ፣ እኔ ምንም እንኳ ለዚህ ያህል ክብር የማልበቃ ብሆን፣ ስለ እርሷና እርሷን ስለ ወለደው ጥበብ፣ ይኸውም በከተማችን ለአሮጌ መኪና የኤሌክትሪክ መስታወት ስለሚደረገው ሕክምና፣ ጥቂት የምስጋና ቃል ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

እጀታ መዘወር ቀርቶ መስታወትን በጣት ጫፍ ማውረድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የአሜሪካው ፓካርድ ፋብሪካ ይህን ቅምጥልነት ያዘጋጀው ክንዳቸውን ማንቀሳቀስ ለሚከብዳቸው ባለጠጎች ነበር። ዛሬ ግን ቸርነቱ ለሁላችን ተርፎ፣ በሌላ አገር አገልግላ በጡረታ የተሰናበተች ቶዮታ እንኳ በአራት በሮቿ አራት ሞተር ይዛ ወደ እኛ ትመጣለች፤ ወይም ትመጣ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ ካደረገው ወዲህ፣ በእጃችን የቀረችው አሮጊት እንደ ርስት የምትጠበቅ ሆናለችና። ርስት ደግሞ ይወረሳል፣ ይሸነሸናል እንጂ ውስጡ አይመረመርም።

በእርግጥ እንመርምር የሚሉ ሰዎች ፈጽመው አልጠፉም። እነርሱ እንደሚሉት በበሩ ሆድ ውስጥ ያለው ምሥጢር ብዙ አይደለም፤ በ12 ቮልት የሚዞር አንድ ትንሽ ሞተር፣ መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርድ የሽቦ ገመድ ወይም እንደ መቀስ የሚተጣጠፍ ክንድ፣ መስታወቱን አቅፈው የሚይዙ የፕላስቲክ መያዣዎች፣ አንዲት ስዊች፣ እነዚህንም የሚያገናኙ ጥቂት ሽቦዎች ናቸው። ሽቦዎቹ ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገሩት በማጠፊያው በኩል በጎማ ቱቦ ውስጥ ስለ ሆነ፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር እየታጠፉ ሃያ ዓመት ከኖሩ በኋላ አንዱ ቢበጠስ የሚያስደንቅ አይደለም። የስዊቹ ውስጥ መዳብም ከብልጭታ ብዛት ይጠቍራል፤ በብዙ መኪናዎች ደግሞ የተሳፋሪው መስታወት ኤሌክትሪክ በሾፌሩ ስዊች በኩል ስለሚያልፍ፣ የቀኙ በር ሕመም መድኃኒቱ በግራው በር ሊገኝ ይችላል። መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ በአቧራ ይደርቃል። ከሁሉም የሚያሳፍረው፣ በሾፌሩ በር ላይ የሌሎቹን መስታወቶች የምትቈልፍ አንዲት ቍልፍ መኖሯ ነው፤ ሕፃን በጨዋታ ቢጫናት ሦስቱ በሮች ባንድ ጊዜ ዲዳ ይሆናሉ። ስለዚህ፣ ይላሉ እነዚህ ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች፣ አስቀድመህ ቍልፏን፣ ቀጥሎም ፊውዙን እይ፤ ስዊቹ ሲጫን የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ የሚል እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ደርሷልና የያዘውን ነገር ፈልግ፤ በመጨረሻም የበሩን ሽፋን አውልቀህ ወደ ሞተሩ በሚገባው ሶኬት ላይ አንዲት የ12 ቮልት አምፑል አገናኝና ስዊቹን ተጫን፤ አምፑሏ ደምቃ ካልበራች ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ወደ ሽቦውና ወደ ስዊቹ ተመለስ።

እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ! የጋራዥ ሊቃውንታችን ይህን ሁሉ ጣጣ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠቅልለው ከፈጸሙት ቈይተዋል፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል።» ይህ ብያኔ የሚሰጠው የበሩ ሽፋን ሳይወልቅ፣ ፊውዝም ሳይታይ ነው፤ ሊቁ ስዊቹን ሁለቴ ጫን፣ ጆሮውን ዘንበል፣ ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል፣ ይበይናልም፤ ይግባኝ የለውም። አንዳንድ ጊዜ የተፈረደበት ሞተር ገና ሳይነቀል፣ ለሩብ ሰዓት ዐርፎ በራሱ ፈቃድ ይነሣና መስታወቱን ወደ ላይ ያወጣል፤ ከደረቀ ጎማ ጋር ሲታገል ግሎ በውስጡ ያለችው መከላከያ ኤሌክትሪኩን አቋርጣበት ነበርና፣ ሲበርድ መሥራቱ ነው። ይህም ቢሆን ፍርዱን አያስለውጥም፤ የሚነሡትን ሁሉ በነጻ ማሰናበት ከተጀመረ ጋራዥ በምን ይኖራል?

ከዚያ በኋላ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል። የሚመጣውም ሞተር ዕድሜው ከተነቀለው የማያንስ፣ ከሌላ አሮጌ መኪና የወለቀ ነው። የሞተርን አዟዟር የሚወስነው የሁለቱ ሽቦዎች አገባብ ስለ ሆነ፣ በጥድፊያ ተገልብጠው የታሰሩ እንደ ሆነ ባለቤቱ ማውጫውን ሲጫን መስታወቱ ይወርዳል፣ ማውረጃውን ሲጫን ይወጣል፤ እርሱም ይህን ለትሕትና ትምህርት ይቀበለዋል። ለጎማውም፣ አቧራው የሚጣበቅበት እንዳያጣ፣ ግራሶ ይቀባለታል።

ነገር ግን ምስጋናውን ለባለ ጋራዡ ብቻ መስጠት ግፍ ይሆናል፤ የዚህ ጥበብ እውነተኛ መሥራች ባለመኪናው ነውና። እርሱ በእጁ ጨብጦ ለሚመዝነው ዕቃ ይከፍላል፤ ለማይጨበጠው ዕውቀት ግን ኪሱ አይፈታም። ገና ያልበሰለ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን አምፑሉን ይዞ ግማሽ ቀን ሲፈልግ ይውልና፣ በማጠፊያው ጎማ ውስጥ የተበጠሰችውን ሽቦ አግኝቶ ይቀጥላል፤ መስታወቱም ያለ አንዳች ማጕረምረም ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ምን ለወጥክና ነው ሒሳብ የምትለኝ?» ይለዋል ባለመኪናው።

«ምንም አልለወጥኩም ጋሼ፤ ሽቦ ተበጥሶ ነው፣ ቀጠልኩት።»

«ለአንዲት ሽቦ? እሷስ የራሴ አይደለችም እንዴ!»

ልጁ የሻይ ተሰጥቶት ይሰናበታል። ነገር ግን ሞኝ አይደለም። በሌላ ቀን ያንኑ ሕመም የያዘች መኪና ስትመጣለት፣ የተበጠሰውን ሽቦ በጣቱ እየዳሰሰ ከንፈሩን መጠጥ ያደርግና «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ጋሼ» ይላል። ሞተሩን ይለውጣል፣ ሽቦውንም በስውር ይቀጥላል፤ ባለመኪናውም ጥቁሩን አሮጌ ሞተር በዓይኑ ስላየ ሙሉ ዋጋውን ከነምርቃቱ ይከፍላል። «ይህን ምን ያደርግልኛል፣ ጣለው» የተባለው ደኅና ሞተርም ተወልውሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለውን በሽተኛ ይጠብቃል። ደቀ መዝሙር ለመምህርነት ማዕርግ የሚበቃው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህን ሊቅነት ያላገኘው ግን ሽቦውንም አይቀጥልምና፣ ሦስተኛው ሞተርም ተቃጥሏል ሲባል የባለመኪናው ትዕግሥት ያልቃል፤ ያን ጊዜ ሽብልቋ ትወለዳለች። አንዱ በውስጥ፣ ሌላው በውጭ ሆነው መስታወቱን በመዳፋቸው መካከል አጣብቀው ወደ ላይ ይስቡታል፣ እርሷም ትገባለች። ቀረጥ አይከፈልባት፣ ፊውዝ አትጠይቅ፣ አትቃጠል! በረከቷም ብዙ ነው። የፓርኪንግ ትኬት የሚቈርጠው ልጅ ሲመጣ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ይቀበለዋል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ከመኪናው ይወርዳል፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰውም ለሕግ ያለው አክብሮት እጅግ የጠለቀ ይመስላል። በክረምት አምስት ነፍስ ተሳፍሮ የፊት መስታወቱ በትንፋሽ ሲሸፈን፣ አንዱ በእጁ ይወለውላል፣ ሌላው በሶፍት ያግዛል፣ የቀሩትም «ግራ! ቀስ!» እያሉ መንገድ ይመራሉ፤ በዘመናዊ መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ማኅበርተኝነት ከቶ አይገኝም።

መኪናይቱ ለሽያጭ በወጣች ቀን ብቻ ሽብልቋ ተነቅላ በደላላው ኪስ ትደበቃለች። ደላላው መስታወቱን በመዳፉ ደገፍ አድርጎ፣ ገዢው ስዊቹን ሲሞክር ባየ ጊዜ፣ «ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ሞተሩ ደኅና ነው፣ አንዲት ሽቦ ተበጥሳ ይሆናል እንጂ» ይላል። እርሱ ግን ደላላ ነውና ማን ያምነዋል? ገዢው ለተቃጠለው ሞተር ከዋጋው ላይ ያስቀንስና፣ ቍልፉን ተረክቦ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ይነዳታል።