«ወላጅ ይቆጣጠር» ያልኩት እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው ኃጢአት አለኝ። ዝም ያልኩት አፍሬ ብቻ አይደለም፤ ብነግራቸውም ከዐሥርቱ ትእዛዛት በየትኛው ሥር እንደሚመድቡት ስለቸገረኝ ነው። አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። የብስኩት ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ የሰው ልጆች በቃላቸው ያዙት።

እንጀራዬ ማስታወቂያ መጻፍ ነው። በሙያችን ስብሰባ «ይሄ ነገር ሕፃናትን አያሳስትም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መልሱ ሁሌም አፌ ላይ ነበር፤ «ወላጅ ይቆጣጠር!» እንዲህ ስል በዓይነ ኅሊናዬ የሚታየኝ ወላጅ አለ፤ ረጋ ያለ፣ ቆራጥ፣ ቴሌቪዥኑን በሰዓቱ የሚያጠፋ፣ ልጁ ሱቅ በር ላይ ተዘርግታ ስታለቅስ ሳይደነግጥ የሚጠብቅ። እንዲህ ያለ ሰው በአካል አግኝቼ አላውቅም። አባት ስሆን እኔ ራሴ እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆንኩም።

መጀመሪያ የሙያውን ምስጢር ላውጣ። የልጅ ዕቃ ስናስተዋውቅ የምናናግረው እናትን ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ስለ ቫይታሚን ያወራል፣ እናት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ዜማው ይገባል። «ለልጆች ነው የሠራችሁት» የሚለን ሰው ከተነሣ «ኧረ ለእናቶች ነው!» ብለን እንምላለን። ዜማው ከጥቂት ቃል እንዳይበልጥ ስቱዲዮ ውስጥ የምናድረው ግን እናትየው እንዳትረሳው አስበን አይደለም።

የካናዳዋ ኩቤክ ይህን ተንኮል ድሮ ነቅታበታለች። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተሰናዳ የንግድ ማስታወቂያን የሚከለክለው ሕጓ በ1980 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ የባለማስታወቂያውን መሐላ አይሰማም፤ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደቀረበ፣ የትና መቼ እንደታየ አይቶ ይፈርዳል። አንድ የአሻንጉሊት ኩባንያ «ሐሳቤን የመግለጽ ነፃነቴ ተነካ» ብሎ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሟገትም፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ኩቤክ ረታች። እኔም እነዚያን መመዘኛዎች በብስኩቴ ላይ ሞከርኳቸው። አንዱንም አላለፍኩም።

ከዚህ የባሰም አለብኝ። ስዊድን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ትከለክላለች። ነገር ግን ከለንደን ወደ ስዊድን የሚሠራጭ ጣቢያ ነበር፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ1997 እ.ኤ.አ. ከሌላ አባል አገር በሚመጣ ሥርጭት ላይ ያ ክልከላ እንደማይሠራ ወሰነ። ይህን ሳነብ ለስዊድን ሕፃናት ከማዘኔ በፊት «ጎበዞች!» ብዬ ጭኔን መታሁ። ሙያ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

እኛም አገር የቢራ ማስታወቂያ ከዜና በፊትም ከዜና በኋላም የሚዘፈንበት ዘመን ነበር። የእህቴ ልጅ ገና «ሰ» እና «ሸ»ን ሳይለይ አንዱን የቢራ ዘፈን ከነእጅ እንቅስቃሴው ይወጣዋል። አንድ በዓል ቤተ ዘመድ ፊት አቆምነው፤ ዘፈነ፤ አጨበጨብን። እኔማ ለሙያ ወንድሞቼ ሥራ አድናቆቴን ለመግለጽ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። ማስታወቂያው ለአዋቂ የተሠራ ነበር፤ ለሕፃን ቢራ ልሽጥ ያለ ማንም የለም። ጆሮ ግን መታወቂያ አይጠየቅም።

በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ተነሣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥም ተከለከለ። ያኔ ቡና እየጠጣሁ ያልኩትን አልረሳውም፤ «መንግሥት ሞግዚታችን ነው ወይ?» ጓደኞቼ ሳቁ፣ እኔም የፈጠራ ሰው መሆኔ ታወቀኝ። ለካ ቀልዱ አርጅቶ የተጣለ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለትንንሽ ልጆች የሚሠራ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ልገድብ ሲል፣ የዋሽንግተን ፖስት ርእሰ አንቀጽ «የአገር ሞግዚት» ብሎ ተሳልቆበታል። ከሁለት ዓመት በኋላም ኮንግረሱ የኮሚሽኑን ሥልጣን ቆረጠው።

እኔ ቤት ሞግዚቷ ማን እንደሆነች ጠይቁኝ። ስልኬ ናት። ልጄ እንድትበላ ስልክ፣ እንድትተኛ ስልክ፣ እንግዳ ሲመጣ ስልክ። እዚያ ውስጥ አንዲት ሕፃን አሻንጉሊት ከካርቶን እያወጣች ትገረማለች፤ ልጄም አብራ ትገረማለች፤ ማታ ላይ ያ አሻንጉሊት ካልተገዛ ቤቱ አይተኛም። ጉግልና ዩቲዩብ ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስባችኋል ተብለው በ2019 እ.ኤ.አ. 170 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ሲደረግ «አበጀ!» ብዬ ፈርጄባቸዋለሁ። ስልኬ የወላጅ ፈቃድ ሲጠይቀኝ ግን አንድ መስመር ሳላነብ «እስማማለሁ»ን እጫናለሁ፤ ልጅቷ እያለቀሰች ማን ያነባል?

የውርደቴ ቁንጮ ግን ሰፈራችን ሱቅ ነው። ልጄ የእኔኑ ብስኩት ጠየቀችኝ። «ስኳር ነው፣ ይቅርብሽ» አልኳት።

«አባዬ፣ ማስታወቂያው ጠንካራ ያደርጋል ይላል እኮ!»

ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ውሸት ነው» ብላት አባቷ ውሸታም ሊሆን ነው፤ «እውነት ነው» ብላት እጄ ኪሴ ሊገባ ነው። ባለ ሱቁ እጁን መደርደሪያው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ገዛሁ። እንዳላፍር ብዬ ደግሞ ሁለት ገዛሁ። «ጋሼ፣ ልጅዎ አዋቂ ናት» አለኝ። ማን ወልዷት!

አዋቂስ አይደለችም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ቡድን በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ማስታወቂያ ሊያግባባው የተሠራ መሆኑን በቅጡ አይረዳም፤ የተነገረውን እንደ እውነት ይቀበላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ ዓይነት ምግብ በተራ ወረቀትና በማክዶናልድስ ወረቀት ጠቅልሎ አቀረበ፤ የማክዶናልድሱ ይበልጥ ይጣፍጣል አሉ፤ ካሮቱ ሳይቀር።

ይህን ባነበብኩ ማግስት ምን አደረግኩ? ባዶውን የብስኩት ላስቲክ በቤት ቆሎ ሞላሁት። ልጄ ጥርግ አድርጋ በላች። ድሌን ለባለቤቴ ስተርክላት ቀና ብላ አየችኝና «በቃ፣ የገዛ ልጅህንም ደንበኛ አደረግካት?» አለችኝ።

እንግዲህ «ወላጅ ይቆጣጠር» የሚለው ክርክራችን የቆመው በእኔ ዓይነቱ ወላጅ ላይ ነው። ዘዴውን አውቃለሁ፣ ጥናቱን አንብቤአለሁ፣ ዜማውን ራሴ አስቀርጫለሁ፤ እንዲህም ሆኖ አንዲት ሕፃን ሱቅ በር ላይ ትረታኛለች። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማምሻውን ልጁን ይዞ የሚገባው ጎረቤቴ ምን ጉልበት ተርፎት ይቆጣጠር? እኛስ ብንሆን የምንቀጠረው ያ ወላጅ እንዲሸነፍ አይደለም ወይ? ደንበኛ የሚከፍለን ወላጆች በርትተው «አይሆንም» እንዲሉ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሃብ አልቀን ነበር። በልጅና በወላጅ መካከል ሕግ ይግባ ሲባል ይከፋኝ ነበር፤ እኛ ግን ቀድመን ገብተናል፣ ያውም በዘፈን።

ስለዚህ ለሕፃናት ማስታወቂያ ጠበቅ ያለ ሕግ የሚያረቅ ቢኖር እኔን ይጥራኝ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አሳያለሁ፤ ግማሹን የበሳኋቸው እኔ ነኝ። ረቂቁ ሲያልቅ ግን ቅጂውን እንዳትሰጡኝ፤ ከአዳራሹ ሳልወጣ ለደንበኛ ልደውል እችላለሁ።