ሰሊጥ የበጀት ዓመት አያውቅም

በሰሊጥ ቆላችን በአብደራፊ ያልተጠና ነገር ቢፈለግ የአጥኚዎቹ ገንዘብ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ተጠንቷል። ደማችን ተቀድቷል፤ ጣፊያችን ተዳብሷል፤ አፈራችን በፌስታል ተቋጥሮ ሄዷል፤ ዝንባችን ሳትቀር በሌሊት በመብራት ወጥመድ ተለቅማ አልኮል ውስጥ ገብታለች። እኔም የፈረምኩት ወረቀት ተቆጥሮ አያልቅም። መሬት የሸጥኩ እንዳይመስላችሁ፤ የጥናት ፈቃደኝነት ቅጽ ነው። «አባባ፣ በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ» ይሉኛል። እኔ አላቋርጥም፤ ምን ሥራ አለኝ? የሚያቋርጠው ጠያቂው ነው። ገና የቤተሰብ ብዛት ላይ ሳለን የመጋቢት ፀሐይ ትይዘውና መጠይቁን ማራገቢያ ያደርገዋል።

የገንዘቡን ነገር የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ እድገት እየጠበቀ ነው። እረፍት ባገኘ ቁጥር እኔ ዘንድ ይመጣና ፕሮፖዛል ይጽፋል። እንዲህ ያለ ልመና በዕድሜዬ አላየሁም። የቤተ ክርስቲያን ደጁ ለማኝ «ስለ ማርያም» ብሎ ይጨርሳል። ይሄ ግን ዳራ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ በጀት፣ «የሚጠበቅ ለውጥ» ከጻፈ በኋላ፣ ቢሰጡት እንዴት እንደሚያመሰግን ጭምር በዕቅድ ያስገባል።

ሊያጠና የፈለገው ነገር ቀላል ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት፣ ሳሉግ የምንላቸው ልጆች ለምን ያለ አጎበር ዋልካው ላይ፣ ግራር ሥር እንደሚተኙ፤ ማን አሠርቷቸው ማን ሳይከፍላቸው እንደሚቀር። ገንዘብ ሰጪው ግን ያን ዓመት የፈለገው የአየር ንብረት ለውጥን ነበር። ልጆቹ «ለአየር ንብረት ተጋላጭ የሆኑ ተንቀሳቃሽ ማኅበረሰቦች» ሆኑ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፤ እነዚያው ልጆች ኮሮና ውስጥ ገቡ። ከዚያ ዲጂታል የሚሉት መጣ፤ ስልክ የሌለው ሳሉግ በወረቀት ላይ መተግበሪያ ተጫነለት። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው አሉ። ልጆቹ ዛሬም ግራር ሥር ናቸው።

«የውጭውን ተወው፤ የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም?» አልኩት።

«ይሰጣል እንጂ ጋሼ» አለና ተነፈሰ። ያን አተነፋፈስ የማውቀው ትራክተሩ ከተበላሸበት ባለሀብት ነው።

የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለሩቅ ሰው ለእኛ ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ሰሊጡም የሚዘራው በዚያው ሰሞን ነው። ሐምሌና ነሐሴ አረም፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር አጨዳ። ሰው የሚገኘው ያኔ ነው። በጀት ተከፈተ ማለት ግን ገንዘብ ወጣ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ጥሪ ይወጣል። ከዚያ ገምጋሚ ይመደባል፤ ገምጋሚው ስብሰባ ይሄዳል። ከዚያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ ይጠብቃል። ከዚያ ውል ይፈረማል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ክፍያ ይለቀቃል። ያን ጊዜ ጥር ነው። በጥር ሰሊጡ ተወቅቶ ተሸጧል፤ የሚጠየቀው ልጅ ደጋ ወጥቶ ሚስት እያገባ ነው። የእህቴ ልጅ መጠይቁን ታቅፎ ሲደርስ ቤት የሚያገኘው እኔን ነው። ስለ ወጣት ተጓዥ ሠራተኞች የሜዳ ላይ እንቅልፍ መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አልጋ ላይ የምተኛ፣ ጉልበቱ የሚጮህ ሽማግሌ። «ናሙናዬ ትንሽ አርጅቷል» ብሎ ጻፈ።

ሰኔ ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጥር ድረስ ሲያስለምን የኖረው ገንዘብ አሁን «ካልተጠቀምክብኝ ተመላሽ እሆናለሁ» እያለ ይለምናል። ዝናቡ ጀምሯል፤ ዋልካው ሲረጥብ መኪና አያስገባም፤ የሚገባው በትራክተር ተጎታች ነው። ፋይናንስ ደረሰኝ አምጣ ይላል። የትራክተሩ ባለቤት የግብር ከፋይ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ሲጠየቅ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ዋጋ ጨመረ። ለናሙና ማስቀመጫ ጠርሙስ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ጠርሙስ የሚሸጠው ሱቅ ግን አንድ ነው። ባለሱቁ የቀሩትን ሁለት ፕሮፎርማዎች በሁለቱ ወንድሞቹ ስም ለማውጣት፣ አንዱ በሌላው ላይ ዋጋ እንዲሰብር ለማስማማት ሁለት ቀን ፈጀ፤ እስከ ዛሬ ተኳርፈዋል።

እንዲህ ስለሆነ ነው ነገራችን በውጭ ገንዘብ እጅ የቀረው። ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፤ ገንዘቡ በፈረንጅ ስለሚቆጠር።

ከሁሉ ሆላንዶች ያስቡናል። አብደራፊ ላይ ካላዛር የሚባለው በሽታ የያዘውንና እባብ የነደፈውን ለዓመታት ሲያክም የኖረው የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሆላንድ ክፍል ነው። ወደ መተማ ወረድ ብትሉ ለምለም ተራራ ላይ የዕጣን ዛፋችንን ሲለኩ የከረሙት የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲና የእኛው ምሁራን ናቸው። የሰሊጡን ገበያና ምርት ለማሻሻል በሁመራና በጎንደር ቆላ የተዘረጋውም መረብ የሆላንድ ገንዘብ ነበረበት። የአገራቸው ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው ይባላል፤ ለካ የቆላ ሰው የቆላን ሰው አይረሳም። የዕጣኑ ጥናት በ2019 ሲታተም ከተጠኑት የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ለጋ ዛፍ እንደሌላቸው፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚያንስ ተናገረ። እሳትና ከብት ችግኙን እንደሚፈጅ እኛ በነጻ እንነግራቸው ነበር፤ ግን ይሁን፣ በቁጥር ሲሆን ያስፈራል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዛፉን ለሚቆጥር ሰው ገንዘብ አለ፤ ችግኙን ከፍየል ለሚጠብቅ ዘበኛ ግን የምርምር በጀት ውስጥ መደብ የለውም።

ለማማረር ብዬ ሐቅ አልደብቅም። ካላዛር ከድሃ በቀር የማይዝ በሽታ ስለሆነ ነጋዴ የመድኃኒት ኩባንያ አይቸኩልለትም። በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ ሲነሣ መጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ይህን ያህል አይታወቅም ነበር። ዲኤንዲአይ የሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2003 ተመሥርቶ ጎንደር ላይ የሕክምናና የምርምር ማዕከል እንዲቋቋም አገዘ። ከዚያም ካላዛርና ኤችአይቪ አንድ ላይ የያዛቸውን ሰዎች ጎንደርና እዚሁ አብደራፊ ላይ በሁለት ዓይነት ሕክምና አነጻጽረው ፈተኑ። ታማሚዎቹ 58 ነበሩ። ውጤቱ በ2019 ታተመ፤ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለወጠ። ጄኔቫ ያለ መጽሐፍ በአብደራፊ ሰው ደም ተስተካከለ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁ። ሁሉም ገንዘብ እንዲህ ቢሆን እኔም ዝም እል ነበር።

አይሆንማ። እባቡን እዩት። እባብ እኛን መንደፍ የጀመረው ከአዳም ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ችላ ከተባሉት ዋነኛ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ የተነደፈ አራሚ ታሟል ሳይሆን ዕድለ ቢስ ነበር የሚባለው። በ2019 የእንግሊዙ የምርምር ለጋሽ ዌልካም 80 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ ወዲያው ስለ እባብ የሚጠይቅ ሰው በዛ። እባቡ ያው ነው፣ እግሩም ያው ነው፤ የተለወጠው ጥሪው ነው።

ስደቱስ? ልጆቻችን በመተማ ዮሐንስ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ዘመን አልፏል፤ ከእናታቸው በቀር ማንም መጠይቅ አልዘረጋላቸውም። በ2015 ሜዲትራኒያን ላይ ጀልባ በዛና የአውሮፓ መሪዎች ማልታ ላይ ተሰብስበው ለአፍሪካ 1.8 ቢሊዮን ዩሮ መደቡ። ለጥናትም ተረፈ። ያኔ የመተማ መንገድ «ኮሪደር» ሆነ። ሻይ የምታፈላው ሴት ሳይቀር «ቁልፍ መረጃ ሰጪ» ተባለች፤ የሻዩን ሂሳብ የከፈላት ግን ሁሉም አይደለም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ያመጣብኛል። በ1964 አድዋ ውስጥ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ያሉት ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ የበሽታው መከላከያ ተገኘ። የእኛ ሴቶች፣ የእኛ ተክል፣ የእኛ ሰው። ከዚያስ? በአገር ቤት የተሠራው ምርመራ አልበቃም ተብሎ ነገሩ ዓመታት ተጓተተ፤ መርዛማነቱን በሚታመን ላቦራቶሪ ለማስፈተን የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ መምጣት ነበረበት። በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ትልቅ የስዊድን ሽልማት ተቀበለ። «ታዲያ አንተ ምን አስቸኮለህ?» እለዋለሁ፤ «ገና 25 ዓመት አልሞላህም።»

ጎረቤታችን ካርቱም ላይ በ2006 የአፍሪካ መንግሥታት ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ከአገር ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር ሊያወጡ ተስማምተው ነበር። አገራችን እስካሁን አልደረሰችበትም። ካርቱም ራሷ ከ2023 ወዲህ በጦርነት ነደደች፤ ሰዎቿ በመተማ በኩል እኛ ዘንድ መጡ። በ2025 ደግሞ አሜሪካኖቹ የእርዳታ ድርጅታቸውን ዩኤስኤአይዲን ዘጉ። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ጥሪ የሚያሳውቀው ድምፅ ቀነሰ። ልጁ አዘነ፤ እኔ ግን ቢያንስ ስንት ዓመት ተዘግተው የከረሙት መጠይቆቼ አሁን ይነበባሉ ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

እናም የራሴን ጥሪ አወጣሁ። ገንዘብ ሰጪ ሆይ፣ ተወዳደር። መመዝገብ የሚችለው ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ያለ አጎበር ዋልካ ላይ ያደረ ነው። ማመልከቻው ከሰሊጥ ዘር በፊት ይድረሰን፤ ገንዘቡ ከአረም በፊት ይለቀቅ፤ የሚዘጋው አጨዳው ሲያልቅ እንጂ ሰኔ 30 አይደለም። ጥያቄውን የምናወጣው እኛ ነን። ለችግኝ ዘበኛ መደብ ይኑረው። የትራክተር ተጎታች ያለ ደረሰኝ ይታመን። የጥናቱ ውጤት አብደራፊ ድረስ መጥቶ በአማርኛ ይነበብልን፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

የእህቴ ልጅ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «ጋሼ፣ ይዘቱ ጥሩ ነው» አለኝ፤ «ግን ሎጎ የለውም።»

ሎጎ የሚሠራ ሰው ጎንደር አለ አሉ። ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል።