ዳገት ላይ ለእናንተ፣ ቁልቁለት ላይ ለእኔ

«የእኔ ላንድሮቨር አያፈስም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ላንድሮቨር የለውም፣ ወይ ክረምት የሚባል ነገር በሌለበት አገር ይኖራል። በእኛ በቦረና፣ መካነ ሰላም ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ እንኳን የመኪና ጣሪያ የሰው ትዕግሥትም ያበሰብሳሉ። ደሴ ደርሶ መመለስ ያለበት ሰው ደግሞ ለጋምቦን ማቋረጥ፣ የጉጉፍቱን ዳገትና ጉም መጋፈጥ ግድ ይለዋል። ለጋምቦ ክረምቱ አልበቃው ብሎ በልግም ይዘንብበታል። ከፍ ብሎ የሚቆመው የአምባ ፈሪት ተራራም ያለፈውን ደመና ሁሉ አስቁሞ እንደ ኬላ ጠባቂ ያስራግፈዋል። የሚራገፈውም መኪናዬ ላይ ነው።

መኪናዬ ረጅሙ ሲሪዝ ሦስት ነው፤ ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተ ነው። የመጀመሪያው ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ሲታይ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር ቦዲውን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። «ላንድሮቨር አይዝግም» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ቦዲው አይዝግም፣ እውነት ነው። ሻንሲውና የፊት መስታወቱን የተሸከመው ግድግዳ ግን ብረት ናቸው። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው ከረጠቡ ደግሞ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ያልቃል። ስለዚህ ውሃው እኔን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም እየበላ ነበር፤ እኔ ግን ያሳሰበኝ የራሴ ሱሪ ነበር።

ተሳፋሪዎቼ በዚህ ጉዳይ ላይ ይሉኝታ የላቸውም። አንዲት እናት ከገበያ ስመልሳቸው ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ከተቀመጡ በኋላ ጥላቸውን ዘረጉ። «እማማ፣ መኪና ውስጥ እኮ ነው ያለነው» ብላቸው፣ «አይ ልጄ፣ ውጭ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ውጭ እንኳ ዛፍ አለ» አሉኝ። አጠገባቸው ገሣ የለበሰ ገበሬ ተቀምጦ ነበር። እሱ ጠብታ አልነካውም። እንዲያውም ከገሣው የሚወርደው ውሃ እኔ ጫማ ውስጥ ይገባል። በዚያ መኪና ውስጥ ውሃ የማያስገባ ነገር ቢኖር ያ ገሣ ብቻ ነበር።

ምክር ግን ሞልቶ ተርፏል። አንዱ ካትራሜ ቀባው ይላል። ሌላው ሸራ አልብሰው ይላል። ቡና ላይ የተገናኘን አንድ ሽማግሌ ከአቦል እስከ በረካ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው፣ «መግቢያውን ካጣኸው መውጫ አብጅለት፤ ወለሉን በሳሳና ተገላገል» ብለው ፈረዱ። ሁሉም የሚስማማበት መድኃኒት ሲሊኮን ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶችም ተስማምተውበት ኖሮ፣ የመኪናው መጋጠሚያ ሁሉ ነጭ በጥቁር፣ ቀይ በነጭ ላይ ተደራርቦበታል። ቢቆፈር የየዘመኑ ባለቤት ይገኛል።

የምንተማመንበት መካኒክ፣ ከተማው ሁሉ «አያ» ብቻ የሚለው፣ ይህን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «ሲሊኮን ውሃ አያስቀርም፤ ያስራል እንጂ። የገባው እንዳይወጣ ነው የዘጋችሁበት» አለኝ፤ «ዘጋችሁበት» ውስጥ እኔንም ጨምሮ። ከዚያ ሞኬቱን ነቅሎ አወጣ። ሞኬቱ ብቻውን አንድ በግ ይመዝናል። የተንሸራታቹን መስኮት ሐዲድ ሲያይማ ሳቀ፤ ሐዲዱ ውስጥ ያለው ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። «ደንቆሮ ጫካ እዚህም ቅርንጫፍ ከፍቷል እንዴ? ጭላዳ ሳይመጣብህ ጠራርገው» አለኝ።

የአያ ፍተሻ አንድ ሕግ አለው፤ ውሃ የሚፈስሰው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው በሁሉም በኩል ስለሚወርድ ሁሉም ተጠርጣሪ ይሆናል። ከታች ከጀመርክ ግን አንድ በአንድ ነጻ እያወጣህ ትሄዳለህ። እኔ ባትሪ ይዤ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ በሩ ተዘጋ፣ ረዳቱ ልጅ በጆግ ከጀሪካን እየቀዳ ማፍሰስ ጀመረ። «ጋሼ፣ ገባ?» «አልገባም!» የበሩ ሥር ነጻ። ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ሲደርስ ጉልበቴ ላይ ቀዘቀዘኝ። «ገባ!» ስል ውጭ የተሰበሰበው ሰው ጎል የገባ ይመስል አጨበጨበ።

እዚያ ቦታ ሁለት የነፋስ መስኮቶች አሉ፤ ከውስጥ በእጀታ ይከፈታሉ። ዙሪያቸውን የያዘው ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ዝናቡ በቀጥታ ጭን ላይ ነው። ፋብሪካው ይህን ነገር እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ በዲፌንደሩም ላይ ይዞት ዘለቀ። ስንት የዓለም ጉልበት እንደራሰ አስቡት።

የጣሪያው ነገር ግን አስቸገረን። ልጁ መሰላል ወጥቶ ጆግ ሙሉ ቢያፈስም ውስጡ ደረቅ ነው። መንገድ ላይ ግን አናታችንን ይመታናል። አያ ጺሙን እያሻሸ ትንሽ ቆየና፣ «አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙረህ አቁመው» አለኝ። አቆምኩት። ልጁ አፈሰሰ። ከኋላ ወንበር በላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አዙረን ቁልቁል አቆምነው፤ አሁን ደግሞ በእኔ አናት ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ መኪና ጣሪያው ድርብ ነው። ለበረሃ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የላይኛው ቆርቆሮ የፀሐዩን ግለት ይቀበላል፣ መሃል ላይ ነፋስ ያልፋል፣ የታችኛው ይቀዘቅዛል። ለለጋምቦ ውርጭ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ የለም። ሁለቱን ጣሪያዎች የሚያያይዙት ብሎኖች የታችኛውን በስተው ያልፋሉ። ውሃው በብሎኑ ቀዳዳ ገብቶ በጣሪያውና በልባሱ መካከል ይተኛል፤ መኪናው ሲያዘነብል ወዳዘነበለበት ይሄዳል። ዳገት ስንወጣ ለኋለኞቹ፣ ቁልቁለት ስንወርድ ለእኔ። እስካሁን «ከእኔ በላይ ነው» «የለም ከእኔ በላይ ነው» ስንባባል የነበርነው ሁላችንም እውነታችንን ነበር።

አያ ልባሱን አውርዶ እያንዳንዱን ብሎን በጠመኔ ከበበ። ውሃ ሲፈስ ጠመኔው የጠቆረበት ብሎን ጥፋተኛ ነው። ጥፋተኞቹን ፈትቶ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ክብ ክብ እየቀደደ ከሮንዴላው ሥር አስገባና ዳዶውን አጠበቀ። የነፋስ መስኮቶቹም ጎማ ከዚያው ካላማዳሪያ ተቀደደ። የከባድ መኪና ካላማዳሪያ ነበርና ለሌላ ሁለት ላንድሮቨር ይተርፋል። የሲሊኮኑን ታሪክ በቢላ ፍቆ ጣለው።

በቀጣዩ ጉዞ ከአቀስታ ስንነሳ ዝናቡ እንደ ልማዱ ነበር፤ እኛ ግን ደረቅ። ተሳፋሪው መረቀኝ። ጥቂት እንደሄድን ግን መንገዱ ጠፋ። ጉም መስሎኝ ነበር፤ መስታወቱ ነው። የረጠበ ጋቢ ከመኪና ሙሉ ሰው ትንፋሽ ጋር ተደምሮ፣ መውጫ ቢያጣ፣ መስታወቱን በውስጥ በኩል ነጭ አድርጎታል። በጨርቅ ብጠርገው ተመልሶ ይሞላል። ጥግ ይዤ ቆምኩና ለአያ ደወልኩ።

«ነፋስ ስጠዋ!» አለኝ።

«በየት በኩል?»

«በነፋስ መስኮቱ ነዋ! ለጌጥ የተሠራ መሰለህ?»

መስኮቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሾፌሩ በኩል፣ አንዱ ጋቢና በተቀመጠው ተሳፋሪ በኩል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው እንቅልፍ ወስዶታል። በእሱ በኩል ያለውን ከፈትኩት።