«ስንት አመጣህ?»ን ለመከልከል በቦሩ ሜዳ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከቦሩ ሜዳ እስከ ሐረጎ፣ ከሐረጎ እስከ ኮምቦልቻ ያለህ ሁሉ፤ ባጃጅ ላይ ያለህ ውረድ፣ ስልክህ ላይ ያቀረቀርክ ቀና በል፣ ቡና ላይ ያለህ ግን ጨርሰህ ና፤ እኛም አቦሉን ሳንጠጣ አልጀመርንም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አንዱን ዓመት በጥር፣ አንዱን በጳጉሜ፣ አንዱን በመስከረም እንደ በረዶ ድንገት የሚወርድ በመሆኑ፤

ውጤቱ ከባለቤቱ ቀድሞ አጎት ጆሮ የሚደርስበት ሁኔታ እየተደጋገመ በመምጣቱ፤

ይህ ሜዳ ለጉባኤም ሆነ ለአዋጅ እንግዳ ባለመሆኑ፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት እዚሁ በመሆኑ፣ ያኔም የተነሣው ጥያቄ «የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት?» የሚል የቁጥር ጥያቄ ስለነበር፤ እኛም ዛሬ በዚሁ ሣር ላይ የተቀመጥነው በቁጥር የተነሣ በመሆኑ (ራሳችንን ከአበው ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ እነሱ የሚከራከሩበትን ነገር አንብበው ነበር የመጡት)፤

እኛ ከዚህ በታች ያልፈረምን፣ አብዛኞቻችን በየዘመኑ ማትሪክ የመታን፣ ጥቂቶቻችን አልፈን የማንናገር ሰዎች፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የስንት አመጣህ ክልከላ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅም ርእስ የለውም። ርእሱን እናርዝም ያሉት ኮሚቴ ሆነው ቀርተዋል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

«አመጣ» ማለት ተማሪው ውጤቱን እንደ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት መርጦና መዝኖ፣ በዘንቢል አንጠልጥሎ የመጣ የሚያስመስል ግስ ነው። ጉባኤው ግሱን ለመለወጥ ሞክሮ ሌላ ስላላገኘ እንዳለ ትቶታል።

«አለፈ» ማለት ከ600 ውስጥ 300 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ማለት ነው። ሆኖም በዚህ አገር «ሕይወቱ አለፈ» የሚባለውም በዚሁ ቃል ስለሆነ፣ ስልክ ደውሎ «ልጅዎ አልፏል» የሚል ሰው ዓረፍተ ነገሩን በደንብ መጨረስ ይገባዋል።

«ዘመድ» ማለት ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ ውጤት በወጣ ዕለት ኔትወርክ የሚገኝለት ሰው ነው።

«የጎረቤት ልጅ» ማለት ሁልጊዜ ካንተ የበለጠ ያመጣ፣ በአካል ግን ታይቶ የማያውቅ ፍጡር ነው።

አንቀጽ 3፤ ክልከላ

ውጤት ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ሰባት ቀን ድረስ ማንም ሰው ተፈታኝን «ስንት አመጣህ?» ወይም «ስንት አመጣሽ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። በግል ተመዝግበው ለአራተኛ ጊዜ ለተፈተኑ አዛውንትም «ስንት አመጡ?» ብሎ በአንቱታ ማለስለስ ከተጠያቂነት አያድንም።

ጥያቄውን አልብሶ ማቅረብም ያው ጥያቄው ነው። «ኔትወርክ ገባላችሁ?»፣ «እንግዲህ ሁሉም ለበጎ ነው»፣ «ያቺ የሆጤዋ ልጅ አምስት መቶ ምናምን አሉ»፣ እነዚህ ሁሉ ተከልክለዋል። ከንፈር መምጠጥ፣ በተለይ ከአናት ነቅነቅ ጋር የተያያዘው፣ ፍጹም ክልክል ነው።

እናት ነጻ ናት። እሷም ብትሆን በዓይኗ ብቻ ትጠይቅ ብለናል፤ እንደማትሰማን ግን እናውቃለን።

ለዚህ አንቀጽ መነሻ የሆነው ጉዳይ በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል። አንዲት የቦሩ ልጅ ውጤት ወጣ በተባለ ማታ ስልኳን ይዛ የግቢው ካብ ላይ ወጣች። ካቡ ላይ ቆሞ ወደ ደሴ ፊትን ማዞር ኔትወርክ ያመጣል የሚባል ነገር አለ። እናቷ ከታች ቡና ትቆላለች። ልጅቱ የመለያ ቁጥሯን ታስገባለች፣ ነጩ ገጽ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞርና ትቆማለች፣ እንደገና ታስገባለች። እናት ምጣዱን ታማስላለች፤ ዓይኗ ግን ካቡ ላይ ነው። ቡናው ቀላ፣ ጠቆረ፣ መጨስ ጀመረ። ሽታው ጎረቤት ደረሰ፣ የጎረቤቱ ጋሼም ከአጥሩ ማዶ ሳል አሉ፣ ማንም ግን «አረረ እኮ» ያለ የለም። በዚህ መሐል የእናትየው ስልክ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለው አጎት ነው። ልጅቱ «ምናልባት እዚያ ቶሎ ይከፍት ይሆናል» ብላ ቁጥሯን ልካለት ነበር። አጎት ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም፤ «ስጫትማ» አለ፤ ልጅቱ ስልኩን ካቡ ላይ ተቀበለች፤ «አብሽሪ!» አላት።

በቃ፣ ሌላ አልተናገረም። የወሎ ልጅ «አብሽር» መቼ እንደሚባል ያውቃል፤ ለደላው ሰው አብሽር አይባልም። ልጅቱ ገጹ ሳይከፈትላት፣ ፊዚክሱን ከኬሚስትሪው ሳትለይ፣ ድምሩን ሳታይ፣ ውጤቷን በአንድ ቃል ሰምታ ከካብ ወረደች። ያን ዕለት ያረረውን ቡና ጠጡት ይባላል፤ እስከ በረካው።

ስለዚህ ባለቤቱ ውጤቱን በገዛ ዓይኑ ከማየቱ በፊት «አብሽር» ማለት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን የፈለጋችሁትን ያህል አብሽሩ በሉ፤ የወሎን አፍ ማን ይዘጋል።

አንቀጽ 4፤ የተፈታኙ ግዴታ

የመለያ ቁጥርህ የኤቲኤም ምስጢር ቁጥርህ ታናሽ ወንድም ነው። ለአጎት፣ ለክፍል አለቃ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት አትስጥ። የፈተናዎች አገልግሎት በድረ ገጽም፣ በቴሌግራም ቦትም፣ በአጭር መልእክትም ያሳያል፤ አንዱ እምቢ ቢል በሌላው ሞክር። ሦስቱም እምቢ ካሉ ተኛ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገሩ ሲተኛ ገጹ ይነቃል።

ሲከፈትልህ ድምሩን አይተህ ስልኩን አትወርውር። በየትምህርቱ ውረድ። ስምህ፣ የተፈተንከው የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ፣ የተፈተንከው ትምህርት ሁሉ መኖሩን እይ። የጎደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ካለ ስክሪኑን ቅረጽና አገልግሎቱ በሚያሳውቀው ቀንና መንገድ ቅሬታህን አስገባ። ቀኑ አጭር ነው፤ አልቅሰህ እስክትጨርስ አይጠብቅህም፤ እያለቀስክ ሙላ።

በቴሌግራም መጥቶ «ውጤት እናስተካክላለን፣ ግማሹን አሁን ላክ» የሚልህ ሰው ሊያስተካክል የሚችለው የራሱን ኑሮ ብቻ ነው። ማስተካከል ቢችል ኖሮ መጀመሪያ የራሱን ፊደል ያስተካክል ነበር፤ መልእክቱን አይተነዋል።

ከ300 በታች ከሆነ ደግሞ ሬሜዲያል የሚባል ነገር አለ፣ እንደ ስድብ አትስማው። መቁረጫ ነጥቡ ሲገለጽ ከደረስክ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ለወራት ትማራለህ፤ ከመቶው 30ው በዩኒቨርሲቲው፣ 70ው ከማእከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል፣ 50 ካገኘህ ፍሬሽማን ትሆናለህ። ካልደረስክ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ አለልህ፤ ኮምቦልቻ ያሉት ፋብሪካዎችም ማሽን ሲቆም የሚጠሩት ባለ 590 ተማሪን አይደለም፣ ብየዳ የሚያውቀውን ነው። ይህን የምንለው ለማጽናናት አይደለም፤ የጉባኤያችን ሊቀ መንበር ቤት የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ዲግሪ ያለው ልጃቸው ባልዲ ይዞ ቆሞ አይተናል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ቁጥሮች

ጉባኤው የሒሳብ ሊቅ የለውም፤ ቢሆንም በጣቱ ቆጥሯል። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ዙር ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። መሻሻል ነው፤ ጉባኤው በጭብጨባ ሊቀበለው ተነሥቶ በመሐል እጁን አውርዷል፤ ከመቶው ከዘጠና አንድ በላዩ አሁንም ውጭ ነውና። በ2014ቱ ዙር አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት 1,328 ሆኑ።

እዚህ ላይ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ልጆቹ ስልክ ላይ ተጥደው ነው» አለ። ሌላው ግማሽ፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ቃለ ጉባኤ ያዥም ጭምር፣ «እሺ፣ አንድ ልጅ ስልክ ላይ ተጣደ፤ ሁለት ልጅ ተጣደ፤ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ከነደወሉ እንዴት ይወድቃል?» አለ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ እንኳ ካላለፈ «ስንት አመጣህ?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት ልጁ ነው? ቤተ መጻሕፍቱ ስንት አመጣ? ላብራቶሪ ተብሎ ተቆልፎ ያለው፣ ውስጡ የተሰበረ ወንበር የሞላው ክፍል ስንት አመጣ? ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ የሚያልቅበት የፊዚክስ መምህርስ? እኛ አካባቢ ደግሞ በ2014 ጥቅምት መገባደጃ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ተዘርፎ፣ ልጆቹ ደብተራቸውን በየተሰደዱበት ይዘው ዞረዋል። እነዚያ ወራት በየትኛው የትምህርት ዓይነት ስር እንደተደመሩ ካርዱ ላይ አላገኘነውም።

በመሐል አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። በዚሁ በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ስላስተማሩት፣ ዛሬ ደሴ ላይ ትምህርት ቤት በስማቸው ስለሚጠራው ስለ መምህር አካለ ወልድ አወሩ። «ለእሳቸው ደቀ መዝሙር» አሉ፣ «ቅኔውን ለመዝረፍ አራት ምርጫ ቀርቦለት አንዱን ያጠቁር ነበር እንዴ? በወሎ የቂርአት ቤትስ ደረሳው ኪታቡ እስኪገባው ሸኹ ፊት ይቀመጥ ነበር እንጂ ሰዓት ይያዝበት ነበር?» አንድ ወጣት «ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር ግን?» ብሎ ጠየቀ። አዛውንቱ «ሃያ ዓመትም ይፈጃል» አሉ። ወጣቱ ፈተናው ይሻለኛል ብሎ ተቀመጠ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

አንቀጽ 6፤ ስለ ድግስ

ልጁ ያለፈለት ሰው መደሰት መብቱ ነው። ስፒከሩን ግን ወደ ራሱ ግድግዳ ያዙር።

አንቀጽ 7፤ ስለ ምርጫና ምደባ

ዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላው ተማሪው ራሱ ነው። ወንድምህ የተማረበት፣ እጮኛህ የሞላችው፣ አባትህ «እዚያ የማውቀው ሰው አለ» ያሉት፣ ሦስቱም የወንድምህ፣ የእጮኛህና የአባትህ ምርጫ ናቸው። የአባትህ ሰውዬ ደግሞ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።

ምደባ ሲወጣ ካርታ ክፈት። ለኮምቦልቻ ልጅ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መመደብ ራሱ ስደት ነው፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈሩ በብርድ ይሰነጠቃል። የደሴ ልጅ ሠመራ ሲደርሰው ደግሞ እናቱ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ከላዩ ሌላ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ትልክለታለች፤ ልጁ አፋር በረሃ ውስጥ ያን ሁሉ ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ የዶርም ጓደኞቹ ለመሸጥ የመጣ ነጋዴ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጉባኤው ሻንጣውን ራሱ ደንግጓል፤ ሁለት አንሶላ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለሎከር የሚሆን ጠንካራ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና በርከት ያለ ኮፒ። ጋቢው አንድ ይበቃል። እናቶች «ለማንኛውም» የምትሉትን ቃል ከሻንጣው አውጡ።

አንቀጽ 8፤ ቅጣት

አንቀጽ 3ን የተላለፈ ሰው የተፈታኙን ሻንጣ በትከሻው ተሸክሞ ከቦሩ ሜዳ እስከ ደሴ መናኸሪያ በእግሩ ይወስዳል። ባጃጅ መሳፈር አይፈቀድም። ጥፋተኛው አጎት ከሆነና አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ፣ የአንድ ሴሚስተር የኪስ ገንዘብ በሞባይል ይልካል፤ ሲልክም «አብሽር» ብሎ አይጽፍም።

አንቀጽ 9፤ የተሻሩ ልማዶችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

«እኔ በአንተ ዕድሜ» ብሎ የሚጀምር ማንኛውም ንግግር ተሽሯል። ይህ አዋጅ ነጋሪት ተመትቶ ከተነበበበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆ—

(እዚህ ላይ ከሜዳው ዳር ካብ ላይ «ገባ! ገባልኝ!» የሚል የልጅ ድምፅ ስለተሰማ ንባቡ ተቋርጧል። ጉባኤተኛው ወደ ካቡ ሮጧል። ነጋሪት መቺውም መምቻውን ሣሩ ላይ ጥሎ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ «ስንት አመጣህ?» ብሏል። ሻንጣው ገና ስላልተዘጋጀ ቅጣቱ ምደባ እስኪወጣ በይደር ተይዟል። ቃለ ጉባኤ ያዡም ነጥቡን ሰምቷል፤ በአንቀጽ 3 መሠረት እዚህ አልመዘገበውም።)