ድክመትን ስለ ማሰናዳት፦ አጭር ጥናት

ይህ ጥናት የአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ በቃለ መጠይቅ ዋዜማ ምን እንደሚያሰናዳ ይመረምራል። መረጃው የተሰበሰበው በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው። አልጋው «የቅጥር ኮሚቴ» ተብሏል። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ተፈታኙ ጓደኛዬ ነው፤ ስለዚህ የጥናቱ ገለልተኝነት አያጠራጥርም።

ላላየ ሰው ዝግጅት ማለት ሥራውን ማጥናት ይመስለዋል። ሥራውን ያጠና ግን የለም፤ ማስታወቂያውም «የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት» ብሎ ነው ያበቃው። የዲግሪው ዋናና ኮፒ በሩብ ሰዓት ተሰናዳ። ምሽቱን የበላው «ድክመትህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ድክመት ጠፍቶ አይደለም። ማርፈድ አለ፤ የተበደሩትን አለመመለስ አለ (ይህን በቅርብ አውቀዋለሁ)፤ አልጋ ላይ ሆኖ «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት አለ። ነገር ግን እነዚህ የቤት ልብስ ናቸው፤ ሰው ፊት አይወጣባቸውም።

ለአደባባይ የሚሆነው ድክመት ከኮቱ ጋር መጣ። ኮቱን የተዋስነው ባንክ ከሚሠራ ጎረቤት ነው። በውስጥ ኪሱ የታጠፈች ወረቀት ነበረች፦

«ሥራ ከያዝኩ ሰዓት አላይም፤
ሳልጨርስ መነሣት አይሆንልኝም።»

ግእዝ አለመሆኑን ችላ ካልን፣ ሁለት ቤት ስለሆነ ጉባኤ ቃና ልንለው እንችላለን። ሰሙ ኑዛዜ፣ ወርቁ ውዳሴ ከንቱ ነው። አንድ ልዩነት ግን መጠቀስ አለበት። የቅኔ ቤት ተማሪ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ አንዴ የተነገረ ቅኔም ለሌላ ቀን አያገለግልም። ይህቺ ወረቀት ባለቤቷን ባንክ አስገብታለች፤ የአክስቱን ልጅ ኢንሹራንስ አስገብታለች፤ ዛሬም እጥፋቷ ላይ ትንሽ ከመሳሳቷ በቀር ጤነኛ ናት።

በማግስቱ መጠበቂያው ወንበር ላይ አምስት ተፈታኞች ነበሩ። ጓደኛዬ እንደነገረኝ፣ አምስቱም ሳይጨርሱ መነሣት አይሆንላቸውም። ከጠያቂዎቹ አንዱ መልሱን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ሲለው ታይቷል።

ጓደኛዬ ተቀጠረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ እውነተኛውን ድክመት ለማግኘት ሕጉ የሰጠው ጊዜ ይህ መሆኑ ነው። ለጓደኛዬ ሦስት ቀን በቅቷል፤ ሁለቱን አርፍዶ ነው የገባው።

ኮቱን ሊመልስ የሄደ ዕለት ባለቤቱ በር ላይ ተቀበለው። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ!» አለና እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደ።

«ወረቀቷስ?»