ለማይሞተው ባትሪ ውዳሴ

ሥጋ የለበሰ ሁሉ እንደሚሞት፣ ብረትም እንደሚዝግ፣ ልብስም በብል እንደሚበላ መጻሕፍት ቢመሰክሩም፣ እኛ የእጅ ስልካችንን ባትሪ ብቻውን ከዚህ ፍርድ ነጻ አውጥተን የዘለዓለም ሕይወት ስላጎናጸፍነው፣ ይህን የሚያህል እምነት ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ይሆናል።

የሊትየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ከጎደለ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ፣ ከዚያም ወዲያ ስለ መለወጡ ማሰብ እንደሚገባ ጠበብት ይናገራሉ፤ ይሁን እንጂ ስለዚሁ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ሦስቱ ሊቃውንት፣ ዘመናቸውን ሁሉ በምርምር ቢፈጁም፣ የሞተን ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ሌሊቱን በፍሪጅ አሳድሮ፣ ጫፉንም በላጲስ ወልውሎ የማስነሣቱ ምስጢር አልተገለጠላቸውም።

ስልኩ 40 በመቶ እያሳየ በንግግር መካከል ድርግም ብሎ ሲጠፋ፣ ባለቤቱ የሚያማርረው ኔትወርኩን ነው። ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚበዛ፣ ስልኩ ብርቱ ኃይል በጠየቀ ጊዜ ቮልቱ በድንገት ይወርዳል ብሎ ሊያስረዳው የሚነሣ ቢኖር፣ በሰው ንብረት ላይ ሟርት እንደሚያሟርት ይቈጠርበታል።

ይልቁንም የሚደነቀው ባትሪው ማበጥ በጀመረ ጊዜ የሚታየው ትዕግሥት ነው። በውስጡ ያለው ኬሚካል እየፈረሰ ጋዝ ሆኖ ሆዱን ስለ ነፋው፣ ጠረጴዛ ላይ አኑረው ቢያሾሩት እንደ እንዝርት ይዞራል፤ የስልኩም ክዳን አልገጥም ሲል በገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ሁለት ዙር ይጠፈራል፤ ከዚህም አልፎ በመርፌ ወግቶ ሊያስተነፍሰው የሚነሣ ሐኪም አይታጣም፤ የተወጋ ባትሪ እሳት እንደሚተፋ ግን የሚማረው ከወጋው በኋላ ነው።

ስለ ቍጠባውማ ምን ይነገራል! ይህ ጠንቃቃ ሰው የአንድ ባትሪ ዋጋ እንዳይወጣበት ሲል ፓወር ባንክ ይገዛል፤ ለፓወር ባንኩም ገመድ፣ ገመዱም ሲበጠስ ሌላ ገመድ ይገዛል፤ በየካፌው ሶኬት ያለበትን ጥግ ሲፈልግ ሳይጠማው ማኪያቶ ያዝዛል፤ ፓወር ባንኩም ራሱ የሚያረጅ ባትሪ ነውና በተራው ቻርጅ አልይዝ ሲል፣ የፊተኛው ሥርዓት ፀሐይ ላይ ከማስጣት ጀምሮ እንደገና ይፈጸምለታል።

እንግዲህ ባትሪው ሲያብጥ፣ ሲግል፣ ከማለዳ እስከ ቀትር መድረስም ሲያቅተው ፈጥኖ አውልቆ አዲስ የሚገዛ ቢገኝ፣ እርሱ ሃይማኖቱ የጎደለ ችኩል ነው፤ ያበጠውን ባትሪ ትራሱ ሥር ሰክቶ የሚያድረው ጽኑ ምእመን ግን፣ አንድ ሌሊት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አያፍርም፤ በማግሥቱ ጎረቤት ተሰብስቦ መንሥኤውን ሲጠይቀው የሚመልሰው ቃል ከወዲሁ ተዘጋጅቶለታልና፦ «የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው»።